ሥጋና ፓስታ በአንድ ድስት፦ በ93 ዲግሪ የሚበስል እራት

ፓስታ በሥጋ ስጎ በጎንደር ከምግብ ቤትም ከቤት ማዕድም የማይጠፋ ምግብ ነው። በተለመደው አሠራር ሁለት ድስት ይፈልጋል፤ በአንዱ ስጎው ይንተከተካል፣ በሌላው ፓስታው በብዙ ውሃ ይቀቀልና ውሃው ይደፋል። በአንድ ድስት ሲሠራ ግን ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ሥጋው ይጠበሳል፣ ቲማቲምና ውሃ ይጨመራል፤ ሥጋው ሲለሰልስ ደረቁ ፓስታ እዚያው መረቁ ውስጥ ይገባና የሚደፋ ነገር ሳይኖር አብሮ ይበስላል። ጥቅሙ ድስት ማጠብን በመቀነስ አያበቃም። የማገዶውን መጠን፣ የስጎውን ውፍረትና የሥጋውን ልስላሴ የሚወስኑት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሕጎች ሁሉ በዚህ አንድ ዕቃ ውስጥ ይገናኛሉ፤ የጎንደር ከፍታ ደግሞ ከእነዚህ ሕጎች አንዱን በግልጽ ይለውጠዋል።

ፓስታና መኮሮኒ በሰሜን ኢትዮጵያ የተለመዱት ከጣሊያኖች ጋር ነው። ጎንደር በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር ተያዘች፤ የአማራ ግዛት የሚባለው የቅኝ አስተዳደር መቀመጫም ሆነች። ፒያሳና በዙሪያው ያሉት ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ጄኔራል ጉልየልሞ ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ ወደቀ፤ ምግቡ ግን ቀረ። የፓስታው ጥሬ ዕቃ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። ምርጥ ፓስታ የሚሠራበት ዱረም ስንዴ በኢትዮጵያ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ የኖረ፣ ለንፍሮም ለቂንጬም ለዳቦም የሚውል እህል ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ሲጎበኝ በዚህ ስንዴ ዓይነቶች ብዛት እጅግ ተደንቆ ነበር። ዱረም 28 ክሮሞዞም ሲኖረው የተለመደው የዳቦ ስንዴ 42 አለው። የዱረም ፍሬ ጠንካራ በመሆኑ ሲፈጭ እንደ ዱቄት አይልምም፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሻካራ ሰሞሊና ይወጣዋል። ከሰሞሊናው የሚሠራው ሊጥ ጠንካራ የፕሮቲን መረብ ስላለው ፓስታው ሲቀቀል ቅርጹን ይዞ ይቆያል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ስለሆነ፣ የሚጫነው ሲቀንስ የመፍላቱ ሙቀትም ይቀንሳል። በምጽዋ ወደብ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ በጎንደር በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደባርቅ ላይ ከ90 እስከ 91 ዲግሪ ይሆናል፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጨነቅ ላይ 88 ገደማ ነው፤ በራስ ዳሸን ጫፍ ደግሞ 85 አካባቢ ይደርሳል። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል ማለት ይቻላል።

እሳት መጨመር ይህን አይለውጠውም። ከፈላ በኋላ የሚጨመረው ሙቀት በሙሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል እንጂ ድስቱን አንድ ዲግሪ እንኳ አያሞቀውም። አንድ ሊትር የጎንደር ውሃ ከ18 ዲግሪ እስኪፈላ ከሚወስደው ጉልበት ይልቅ ያው አንድ ሊትር ተኖ እስኪያልቅ የሚወስደው ሰባት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ እየተንደቀደቀ የሚፈላ ድስት ቀስ ብሎ ከሚንተከተከው ቀድሞ አያበስልም፤ ከሰሉን ግን ይጨርሳል። ጨው ውሃውን ቶሎ ያፈላል ወይም ያሞቃል የሚለው እምነትም መሠረት የለውም። በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው ቢጨመር የመፍላቱ ሙቀት ከፍ የሚለው ከ0.2 ዲግሪ ባነሰ ነው።

ከፍታው የማይነካው ሌላ ደረጃ ግን አለ፤ እሱም ቁሌቱ ነው። ዘይት በምድጃ ላይ በሚደርስበት ሙቀት አይፈላም፤ ስለዚህ ጎንደር ላይም ሆነ ጨነቅ ላይ 160 እና 170 ዲግሪ መድረስ ይችላል። የአንድ ድስት እራት እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይዟል፤ አንደኛው በዘይት የሚሠራና ከፍታ የማይገዛው፣ ሁለተኛው በውሃ የሚሠራና ከፍታ ጣሪያ ያበጀለት። በደጋ የሚያበስል ሰው ከመጀመሪያው ደረጃ ማግኘት የሚችለውን ጣዕም ሁሉ ማግኘት አለበት፤ ውሃ ከገባ በኋላ ያ ዕድል ይዘጋል።

ቀይ ሽንኩርት ከክብደቱ ወደ 90 በመቶው ውሃ ነው። በአገሩ ልማድ መጀመሪያ ያለ ዘይት የሚቁላላውም ለበጎ ነው፤ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ሽንኩርቱ ከ93 ዲግሪ አያልፍም፣ ስለዚህም ይለሰልሳል እንጂ አይጠቁርም። ውሃው ሲያልቅ ድስቱ የሚያሰማው ድምፅ ይለወጣል፤ ዘይቱ የሚገባው ያኔ ነው። ከ140 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ የሽንኩርቱ ስኳርና አሚኖ አሲዶች እየተዋሃዱ ቡናማ ቀለምና አዳዲስ የጣዕም ውሁዶችን ይፈጥራሉ። ሂደቱ በ1912 እ.ኤ.አ. በገለጸው በፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር ስም ይጠራል። ሥጋውም የሚጠበሰው ለዚሁ ሲባል ነው። የተከተፈው ሥጋ በአንዴ ከተገለበጠ ውሃውን ይለቅቅና በራሱ ፈሳሽ መቀቀል ይጀምራል፤ ግራጫ ይሆናል፣ አይጠበስም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ቢገባ ግን ድስቱ ሙቀቱን አያጣም። ከሥሩ የሚይዘው ቡናማ ቅርፊት መጣል የለበትም፤ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ይለቅና የመረቁ ጣዕም ይሆናል።

በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና የቲማቲም ድልህ የሚገቡት ሥጋው ከተጠበሰ በኋላ፣ ውሃው ከመጨመሩ በፊት ነው። የበርበሬው ማቃጠያና ቀይ ቀለሙ፣ የቲማቲሙም ቀለም የሚሟሙት በዘይት እንጂ በውሃ አይደለም። ዘይቱ ሲቀላ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው። ሽንኩርቱ ከቲማቲሙ ቀድሞ መብሰል ያለበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ የዕፅዋትን ሕዋሳት አጣብቆ የሚይዘው ፔክቲን በአሲድ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ጥሬ ሽንኩርት ቲማቲም ውስጥ ከገባ ሰዓት ቢቀቀልም ይንኮሻኮሻል። በጾም ቀን ሥጋውን በምስር ለሚተካ ሰውም ይኸው ደንብ ይሠራል፤ ምስሩ ሳይለሰልስ ቲማቲም ከገባበት ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ከፍታው በጎንደር ዋነኛውን ጫና የሚያሳርፈው በሥጋው ላይ ነው። የጡንቻ ፕሮቲኖች ከ50 እስከ 75 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይጠናከራሉ፤ ለዚህም 93 ዲግሪ ከበቂ በላይ ነው። ሥጋን ጠንካራ የሚያደርገው ግን በጡንቻው መካከል የሚያልፈው ኮላጅን የተባለ የጅማት ፕሮቲን ነው። ኮላጅን ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይሸበሸብና ሥጋውን ጨምቆ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በላይ በሙቀትና በጊዜ ብዛት እየተፈታ ወደ ለስላሳ ጄላቲን ይለወጣል። ለዚህ ነው ለ30 ደቂቃ የተቀቀለ የወርች ሥጋ ገና ካልተቀቀለው ይልቅ የሚጠነክረው። የዚህ ለውጥ ፍጥነት በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው። በተለመደው የኬሚስትሪ ግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። በዚህ ስሌት በባሕር ዳርቻ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚለሰልስ ሥጋ በጎንደር ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በደባርቅ ደግሞ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል።

የእንስሳው ዕድሜም ይጨመርበታል። ለዓመታት ያረሰ በሬ ኮላጅን እርስ በርሱ የተሳሰረ በመሆኑ ከወይፈን ሥጋ ይልቅ ለመፈታት ይዘገያል። በበዓል የቅርጫ መደብ ውስጥ ሽንጡም ወርቹም ፍሪምባውም ተደባልቆ ስለሚደርስ፣ ሁሉን አንድ ላይ ከትፎ ድስት ውስጥ መጨመር ጥሩ ሥጋን ማባከን ነው። ሽንጥ ጅማቱ ትንሽ በመሆኑ ለጥብስ ይሻላል፤ ሁለት ሰዓት ከተቀቀለ ይደርቃል። ለዚህ ድስት የሚመቹት ወርች፣ ፍሪምባና የቅልጥም ሥጋ ናቸው፤ ጅማታቸው ሲፈታ መረቁን ያወፍረዋል። ሥጋውን በትንንሹ መክተፍ ያኘኩትን ያህል ጅማቱን ያሳጥረዋል፤ የተፈጨ ሥጋ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ አይፈልግም፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል።

ከ93 ዲግሪ ጣሪያ የሚያስመልጠው ፕሬዠር የሚባለው ድስት ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን አጥንት ለማለስለስ እ.ኤ.አ. በ1679 ካስተዋወቀው ዕቃ የመጣው ይህ ድስት እንፋሎቱን አምቆ ግፊቱን በአንድ አትሞስፌር ያህል ከፍ ያደርጋል። በባሕር ጠለል ይህ 121 ዲግሪ ይሰጣል። የጎንደር አየር ከመነሻው ቀላል ስለሆነ እዚህ ወደ 117 ዲግሪ ይሆናል፤ ሆኖም ከክፍት ድስት 24 ዲግሪ ስለሚበልጥ በዚያው ስሌት ሁለት ሰዓት ተኩሉን ወደ ግማሽ ሰዓት ያወርደዋል። በተራ ክዳን ላይ ድንጋይ መጫን ይህን ሊተካ አይችልም። የ5 ኪሎ ድንጋይ በመካከለኛ ድስት ክዳን ላይ ቢጫንና ክዳኑ አንዳች እንፋሎት ባያስወጣ እንኳ ጭማሪው ግማሽ ዲግሪ አይሞላም።

ፓስታው ከሥጋው በጣም የተለየ ጠባይ አለው። ደረቅ ፓስታ 12 በመቶ ያህል እርጥበት ሲኖረው፣ ከክብደቱ 70 በመቶ ገደማው ስታርች ነው። የስንዴ ስታርች ውሃ መጥጦ ማበጥ የሚጀምረው ከ60 ዲግሪ በታች ስለሆነ የጎንደር ፈላ ውሃ ለእሱ ከበቂ በላይ ነው። የሚያዘገየው ውሃው ከላይ ወደ መሐል ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ነው። ስለዚህ በፓኬቱ ላይ 10 ደቂቃ የተጻፈለት መኮሮኒ በጎንደር ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ይጨምራል። ከዚህ ልዩነት የሚወጣው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ሥጋው ሙሉ በሙሉ ሳይለሰልስ ፓስታ አይገባም። ከገባ በኋላ ሥጋው ሊደርስ አይችልም፤ እሱ ሲጠበቅ ፓስታው ይላሽቃል። ፓስታው በፕሬዠር ውስጥ ተከድኖ መብሰል የለበትም፤ ስታርቹ አረፋ ሠርቶ የእንፋሎቱን መውጫ ሊደፍን ይችላል። ሥጋው በግፊት ይለስልስ፣ ግፊቱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ክዳኑ ይከፈት፣ ፓስታው በክፍቱ ይግባ።

ለ400 ግራም መኮሮኒ አንድ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይበቃል፤ መረቁና የቲማቲሙ ውሃም ይቆጠራሉ። በሁለት ድስት ሲሠራ ለዚሁ ፓስታ 4 ሊትር ውሃ መፍላት ነበረበት፤ ስለዚህ ለማፍላት የሚወጣው ጉልበት ሩቡ ብቻ ይሆናል። ውሃ በተራ በሚዳረስባት፣ የአንገረብ ግድብም በደለል በሚቸገርባት ከተማ ሦስት ሊትር ፈላ ውሃ አለመድፋት ትንሽ ነገር አይደለም። ከፓስታው የሚለቀቀውም ስታርች በሚደፋ ውሃ ከመሄድ ይልቅ እዚያው ይቀራል፤ ዘይቱንና መረቁን አዋሕዶ ስጎው ከፓስታው ጋር እንዲጣበቅ ያደርጋል። የሚደፋ ውሃ ስለሌለ ጨውም አይባክንም፤ በሁለት ድስት ለለመደ እጅ መጠኑ መቀነስ አለበት።

ያው ስታርች ጥፋትም ያመጣል። ፓስታው በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ላዩ ተጣባቂ ስለሚሆን ሳይማሰል ከተተወ እርስ በርሱ ይያያዛል። ቀጥሎ ፈሳሹ ሲወፍር ሙቀት ከታች ወደ ላይ የሚያዳርሰው የውሃ ዝውውር ይዳከማል፤ የድስቱ ሥር ብቻውን ይግልና ያራል። እሳቱ መቀነስ፣ ማማሰያውም ሥሩን መንካት አለበት። ስስ የአሉሚኒየም ድስት እሳቱ ካለበት ቦታ ላይ ቶሎ ያሳርራል፤ በተጨማሪም የቲማቲም አሲድ ለረጅም ጊዜ ሲነካው ከብረቱ ጥቂት ይወስዳል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወለቃ የሚታወቀው ዓይነት የሸክላ ድስት ለመሞቅ ይዘገያል፤ ነገር ግን ሙቀቱን እኩል ያዳርሳል፣ ከእሳት ከወረደም በኋላ ብዙ ያቆየዋል። መኮሮኒው ንክስ ሲደረግ መሐሉ ላይ ጭላንጭል የምታህል ነጭ ነጥብ ሲቀረው ድስቱ ቢወርድና ለ5 ደቂቃ ተከድኖ ቢቆይ የቀረው ፈሳሽ ያንን መሐል ያበስለዋል። ከደጋው የሚለቀም ጦስኝ የሚነሰነሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሽታውን የሚሰጡት ዘይቶች ተናኝ ስለሆኑ አብረው ከተቀቀሉ በእንፋሎቱ ይሄዳሉ።

የተረፈው ምግብ በትልቁ ድስት ውስጥ እስከ ነጋ መተው የለበትም። በ93 ዲግሪም ሆነ በ100 ዲግሪ የማይሞቱ የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ዘር ሥጋና ስታርች ባለበት ለብ ባለ ምግብ ውስጥ ይነቃል፤ አንዳንዶቹ የሚተዉትን መርዝ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። በሁለት ሰዓት ውስጥ በዝርግ ዕቃ ተዘርግቶ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ ይህ አይደርስም። በነጋታው ጄላቲኑ ረግቶ፣ ስታርቹም ደርቆ ስለሚገኝ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ቀስ እያለ ተማስሎ ሁሉም እስኪንተከተክ ይሞቃል።