በትእዛዝ መስመር ላይ የሚሠራውን የጽሑፍ ማረሚያ በፊደላችን ስለ መፈተሽ

ፕሮግራም መጻፍን ለጀማሪዎች በሚያስተምር ክፍል ውስጥ ተማሪው በመጀመሪያ የሚገናኘው ከፕሮግራሙ ቋንቋ ሕግ ጋር ሳይሆን፣ ጽሑፉን ከሚያስገባባት ከአንዲት መስመር ጋር ነው። ፓይተንን የመሰለ ቋንቋ፣ ተማሪው አንድ መስመር ጽፎ እንተር የተባለውን ቁልፍ ሲመታ ወዲያውኑ መልስ ይሰጠዋል። ተማሪውም ይጽፋል፤ ይሳሳታል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል፤ እንደገናም ይጠይቃል። ይህን መጻፍና ማረም የሚቆጣጠረው የመሣሪያው ክፍል የመስመር ማረሚያ ይባላል። ሥራውን በደንብ ሲሠራ መኖሩን የሚያስተውል የለም፤ ሲለወጥ ወይም ሲበላሽ ግን ተማሪው የሚጠረጥረው መሣሪያውን ሳይሆን ራሱን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በመስመር ማረሚያው ላይ ማሻሻያ በተደረገ ቁጥር መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ማሻሻያውን ወደ ክፍል ከማስገባታቸው በፊት እንዴት ሊገመግሙትና በራሳቸው ፊደል ሊፈትሹት እንደሚችሉ ማስረዳት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው፣ ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ፣ ከከለላና ከአማራ ሳይንት ከመጡ መምህራን ጋር ባደረግነው ሥልጠና ላይ የደረሰው ነገር ነው። የመልመጃውን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በቀድሞው የፓይተን እትም ላይ ነበር። በደጋው አገራችን ፕሮግራምን በኢንተርኔት ማውረድ የማያስተማምን በመሆኑ፣ ኮምፒዩተሮቹ የተጫነባቸው ከደሴ በፍላሽ የመጣው 3.13 የተባለው አዲሱ እትም ነው። መልመጃው ባለ ሦስት መስመር ትእዛዝን ለመድገም «የላይ ቀስቱን ሦስት ጊዜ መትታችሁ እንተርን ምቱ፤ ይህንም ሦስት ጊዜ አድርጉ» ይላል። በቀድሞው እትም ይህ ትክክል ነበር፤ መሣሪያው የተጻፈውን የሚያስታውሰው መስመር በመስመር ነውና። በአዲሱ እትም ግን አንድ ምት ብቻ ሦስቱንም መስመር በአንድነት ያመጣል፤ ቀጣዮቹ ምቶች በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በመካከል ላይ ሆኖ እንተርን የመታ ሰውም ትእዛዙን በማስፈጸም ፈንታ ባዶ መስመር ይጨምርበታል። ለብዙ ዓመታት በጠመኔ ያስተማሩ ሰዎች ቀስቱን በትክክል አልቆጠርንም ብለው ደጋግመው ሞከሩ። ለተለዋዋጮቹ «ድምር» እና «አማካይ» የሚል ስም ሰጥቶ የጀመረ አንድ የሒሳብ መምህር፣ ከጎረቤቱ የተለየበት ነገር ይኸው ብቻ በመሆኑ ጥፋቱን በአማርኛው ላይ አሳበበና ስሞቹን ሁሉ በላቲን ፊደል ለወጣቸው። በአማርኛው ላይ የተገኘ ምንም ጥፋት አልነበረም፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ማለትም ከፓይተን 3.0 ጀምሮ እንዲህ ያለ ስም የተፈቀደ ነው። ጥፋቱ መልመጃውን በአዲሱ እትም ላይ ሳልፈትሽ ያከፋፈልኩት የእኔ ነበር። መምህሩ ግን ወደ አማርኛው ስሞች አልተመለሰም።

ስለ መሣሪያው አመጣጥ ጥቂት እንበል። በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ ለረጅም ጊዜ ይህን ሥራ ሲሠራ የቆየው ሪድላይን የተባለ ክፍል ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ብራያን ፎክስ ባሽ ለተባለው የትእዛዝ ተርጓሚ ያዘጋጀው ሲሆን፣ በኋላ ቼት ሬሚ ጥበቃውን ተረክቦ እያሻሻለው ቆይቷል። ፓይተንም ይህንኑ ክፍል ተውሶ ይሠራ ነበር። በመስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው የ3.13 እትም ግን፣ ፓይፓይ ከተባለው እኅት ፕሮግራም በተወሰደ ሥራ ላይ የተመሠረተ የራሱን ማረሚያ ይዞ መጣ። አዲሱ ማረሚያ ብዙ መስመሮችን በአንድነት ያርማል፤ ቀለም ይጠቀማል፤ በኤፍ2 ቁልፍ ቀድሞ የተጻፈውን ያሳያል፤ በኤፍ3 ቁልፍ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ ለመለጠፍ ያዘጋጃል። ወደ ቀድሞው መመለስ የፈለገም «ፓይተን ቤዚክ ሬፕል» የተባለውን የአካባቢ ተለዋጭ 1 በማድረግ ሊመለስ ይችላል። በእኔ አስተያየት አዲሱ ለማስተማር ይበልጥ የተመቸ ነው። የሚያስቸግረው የተሻለ መሆኑ ሳይሆን የተለየ መሆኑ ነው።

መልካም ማሻሻያ በሌላ ቦታ ሲተከል እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. አካባቢ የወጣው ሪድላይን 8.1፣ ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የሚለጠፍ ጽሑፍ በመነሻና በመድረሻ ምልክት ታጥሮ እንዲገባ የሚያደርገውን ስልት ማንም ሳያዝዘው እንዲሠራ አደረገ። ለባሽ ይህ ጥበቃ ነው፤ የተለጠፈው ጽሑፍ ተጠቃሚው አይቶ እንተርን እስኪመታ ድረስ አይፈጸምምና። ፓይተን ግን በዚያ ጊዜ በተነጋጋሪ መልኩ አንድ ዓረፍተ ትእዛዝ ብቻ በአንድ ጊዜ ይቀበል ስለ ነበር፣ ሦስት ትእዛዝ ከመልመጃ ገልብጦ የለጠፈ ተማሪ ሦስቱም እንደ አንድ ተቆጥረው የሰዋስው ስሕተት ተብሎ ይመለስለት ጀመር። የፓይተን አዘጋጆች በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የ3.10 እትም ስልቱን በራሳቸው በኩል ዘጉት። በ3.13 ደግሞ አዲሱ ማረሚያ ብዙ መስመር መያዝ የሚችል በመሆኑ ያው ስልት ያለ ችግር ተመለሰ። ከሁለቱ ወገን የተሳሳተ አልነበረም፤ ችግሩ የተወለደው በመገናኛቸው ላይ ነው። ስለዚህ የለውጡን መዝገብ ማንበብ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ የሪድላይንን መዝገብ ብቻ ያነበበ መምህር ፓይተን ላይ የሚደርሰውን ከዚያ ሊያውቅ አይችልም።

ፊደልና ባይት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመጣለን። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደንብ ውስጥ በ345 ምልክቶች ተመዝግቧል። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አንድ ብቻ። «ሰላም» ለዓይን ሦስት ፊደል ነው፤ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ግን ዘጠኝ ባይት ነው። በኢንጂነር አያና ብሩ ስም ከሚታወቀው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጀምሮ በአሮጌው መኪና የጻፉ ባልደረቦች ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል። በዚያ መኪና የፊደሉ አካልና ቅጥያው ለየብቻ ስለሚመቱ፣ የተሳሳተውን ፊደል የሚፍቅ ሰው ሁለቱንም መፋቅ ነበረበት፤ አካሉን ፍቆ ቅጥያውን የተወ ጸሐፊ ወረቀቱ ላይ ትርጉም የሌለው ጭረት ይቀርበታል። የመስመር ማረሚያም ባክስፔስ ሲመታ አንድ ባይት ብቻ ከደመሰሰ፣ ከፊደሉ ሁለት ሦስተኛው በመስመሩ ላይ ይቀራል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚፈትሽ ሰው ይህን ጉድለት ዕድሜውን በሙሉ ላያየው ይችላል፤ በእርሱ ፊደል አንድ ባይትና አንድ ፊደል ልዩነት የላቸውምና።

ጉዳዩን የሚያከብደው የአጻጻፍ ዘዴያችን ነው። ብዙዎቻችን የምንጽፈው በድምፅ በተመሠረተ ገበታ ነው፤ የ«ኤስ»ን ቁልፍ ስንመታ «ስ» ይወጣል፤ ቀጥለን የ«ኢ»ን ቁልፍ ስንመታ ወደ «ሰ» ይለወጣል። አንዳንዱ የገበታ ፕሮግራም ይህን ለውጥ የሚያደርገው «ስ»ን በባክስፔስ ደምስሶ «ሰ»ን በመተካት ነው። ስለሆነም «ሰላም» ብሎ ያለ ስሕተት የጻፈ ሰው እንኳ ሳያውቀው ሁለት ጊዜ ደምስሷል። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ባክስፔስ የስሕተት ማረሚያ ነው፤ ለእኛ ግን የመጻፊያው አካል ነው። ጉድለት ያለበት ማረሚያ እኛን የሚያደናቅፈን ስንሳሳት ብቻ ሳይሆን በትክክል ስንጽፍም ነው።

ሁለተኛው ነገር ስፋት ነው። ማረሚያው መስመሩ መቼ እንደሚሞላ ለማወቅ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ዐምድ እንደሚይዝ መቁጠር አለበት። ፊደላችን በደንቡ መሠረት አንድ ዐምድ ይይዛል። በባይት የሚቆጥር ማረሚያ ግን 27 ፊደል 81 ዐምድ ይመስለዋል፤ ባለ 80 ዐምድ መስኮት ሲሶው ሳይሞላ መስመሩን ያጥፋል፤ ጠቋሚውም ተማሪው ከሚጽፍበት ቦታ ርቆ ይታያል። በመስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም. የወጣው የ3.14 እትም ተማሪው እየጻፈ ሳለ ቃላቱን በቀለም ይለያል። ለቀለሙ የሚላኩት ስውር ምልክቶች በፊደላቱ መካከል ስለሚገቡ፣ የስፋት ፍተሻ በዚህ እትም ላይ እንደ አዲስ መደረግ ይገባዋል።

ፍተሻው በክፍል ውስጥ

ፍተሻው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። አሮጌውና አዲሱ እትም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ጎን ለጎን ይጫናሉ፤ ገበታውም ተርሚናሉም አይለወጥም። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ፈታሽ የጥፋቱን ምንጭ አያገኝምና። ከዚያም ያው የቁልፍ ምት በሁለቱም ላይ ይደገማል። እኛ የምንጠቀምበት ጽሑፍ የአገሩን ስሞች የያዘ ነው፤ «የመካነ ሰላም ገበያ የገብስ ዋጋ» ብለን እንጽፋለን። ከመጨረሻው አንድ ጊዜ ስንደመስስ «የዋ» ሳይሆን «የገብስ ዋ» መቅረት አለበት። በግራ ቀስት ወደ «ገበያ» ተመልሰን አንድ ፊደል እንጨምራለን፤ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ሳይነካ መቆየት አለበት። ያንኑ ጽሑፍ መስኮቱ እስኪሞላና ወደ ቀጣዩ መስመር እስኪያልፍ ደጋግመን ከጻፍን በኋላ፣ ከታጠፈው ቦታ ላይ ወደ ኋላ እንደመስሳለን። ብዙ ጉድለት የሚገለጠው በዚህች መታጠፊያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባለ ሦስት መስመር ትእዛዝ እንለጥፋለን፤ በላይ ቀስትም እንመልሰዋለን። እንደ «ቋ»፣ «ጓ» እና «ሟ» ያሉትን ዲቃላ ፊደላት፣ እንደዚሁም ምንም ዐምድ የማይይዘውን የጥብቀት ምልክት መዘንጋት አይገባም።

ሁለት ነጥብን የሚመለከተው ፍተሻ ብዙ ጊዜ ያከራክራል። በሪድላይን ኮንትሮልና ደብልዩ አንድ ላይ ሲመቱ እስከ ባዶ ቦታ ድረስ ያለው ይደመሰሳል፤ ኦልትና ባክስፔስ ሲመቱ ግን ፊደል ወይም አኀዝ ያልሆነ ምልክት እስኪገኝ ድረስ ነው። ስለዚህ «መካነ፡ሰላም» ብሎ በሁለት ነጥብ የጻፈ ሰው በመጀመሪያው ሁለቱንም ቃል ያጣል፤ በሁለተኛው «ሰላም»ን ብቻ። ይህ ጉድለት ሳይሆን የአሠራር ልዩነት ነው፤ ሠልጣኙ ግን አስቀድሞ ካልተነገረው ጉድለት ነው ብሎ ያመለክታል።

እንዲህ ያሉ የሐሰት ጉድለቶች ሌሎችም አሉ። ፊደሉ በሳጥን መልክ ቢታይ፣ ብዙውን ጊዜ የጎደለው የፊደል ቅርጹ እንጂ ጽሑፉ አይደለም፤ በአሮጌው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ይህ የተለመደ ነው። «ሀብት» ብሎ ጽፎ «ሐብት» ብሎ በፍለጋ ቁልፍ የሚፈልግም አያገኘውም። ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለመሣሪያው ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ የ«ሰ» እና የ«ሠ» ነገርም እንደዚሁ። (የአጻጻፍ ሥርዓታችን አለመወሰን በመዝገበ ቃላት ላይ ብቻ የሚያከራክር ይመስለን ነበር።)

እውነተኛ ጉድለት ሲገኝ ምንጩን ለመለየት ከታች ወደ ላይ መውጣት ይሻላል። በሊኑክስ «ካት» የተባለውን ቀላል ትእዛዝ ከፍቶ አማርኛ መጻፍና መደምሰስ፣ ምንም የመስመር ማረሚያ ሳይገባበት የሥርዓቱን የራሱን አሠራር ያሳያል። ቀጥሎ በባሽ፣ በመጨረሻም በፓይተን ይሞከራል። በካት ከተበላሸ የተርሚናሉ ቅንብር ይመረመራል፤ በባሽ ተስተካክሎ በፓይተን ብቻ ከተበላሸ ደግሞ የፓይተን ጉዳይ ነው። የሥርዓቱ የቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ-8 መሆኑንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ሪድላይን ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት ፊደል ሊቆጥራቸው ይችላል።

ፕሮግራሙን የሚያዘጋጁት ሰዎች ይህን ሥራ በሰው እጅ ብቻ አይሠሩትም። ተርሚናል መስሎ የሚቀርብ ፕሮግራም አዘጋጅተው የቁልፍ ምቶችን ይልኩበታል፤ የተመለሰውንም ከሚጠበቀው ጋር ያነጻጽራሉ። ፓይተን ለዚህ የሚሆን ክፍል ከራሱ ጋር ይዟል፤ አንድ የኮምፒዩተር መምህር በሊኑክስ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ የአማርኛ ፍተሻ ሊጽፍበት ይችላል። ሆኖም እንዲህ ያለው ፍተሻ የሚልከው ያለቀለትን «ሰ» ነው፤ ገበታው «ስ»ን ደምስሶ ሲተካ የሚሆነውን አያይም። ይህን የሚያየው በገበታው የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀር አንድ የጊዜ ጉዳይ አለ። ፓይተን ዋና እትሙን በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ያወጣል፤ ይህም ትምህርት ተጀምሮ መልመጃዎች ከተከፋፈሉ በኋላ ነው። እያንዳንዱ እትም አምስት ዓመት ያህል የደኅንነት እርማት ስለሚያገኝ አዲሱን ለመጫን መጣደፍ አያስፈልግም። በኮሌጃችን የተስማማነው፣ በአንድ የትምህርት ዘመን አንድ እትም ብቻ እንዲሠራበት፣ አዲሱ በሐምሌና በነሐሴ እንዲፈተሽ፣ የእትሙም ቁጥር በእያንዳንዱ መልመጃ ራስጌ ላይ እንዲጻፍ ነው። ከደሴ በሚመጣው ፍላሽ ላይም ሁለቱ እትሞች፣ የፍተሻው ጽሑፍና ያለፈው ዓመት ውጤት የሰፈረበት ቅጽ አብረው ይቀመጣሉ። የላይ ቀስቱ መልመጃ አሁን በሁለት ዐምድ ታትሟል፤ በግራው የቀድሞው እትም አሠራር፣ በቀኙ የአዲሱ። የምሳሌዎቹ ተለዋዋጮች በሁለቱም ዐምድ «ድምር» እና «አማካይ» ይባላሉ።