ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ክብ ቴያትር ቤት

አዝማሪ በገበያ መካከል ቆሞ መሰንቆውን መገዝገዝ ሲጀምር ሰዉ ምን ያደርጋል? ማንም ሳያዘው ዙሪያውን ይከባል። ልጆች በእግር መካከል እየሾለኩ ፊት ይቀመጣሉ። አዋቂዎች ከኋላ ይቆማሉ። ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው ግን የሌላውን ጀርባ ብቻ አይቶ ይመለሳል። እንግዲህ ክብ ቴያትር ቤት ማለት ይኸው ነው። የተጨመረው ነገር ቢኖር፣ ከኋላ ያለውም ሰው እንዲያይ መደረጉ ነው።

ለመሆኑ ክብ መሆኑ ምን ይጠቅማል? እስቲ ሒሳቡን እናስላው። በመካከሉ 5 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሜዳ ለተዋንያን እንተው። በዙሪያው አራት ረድፍ መቀመጫ እንደርድር። ለአንድ ሰው ግማሽ ሜትር ይበቃዋል። ክቡ ወደ ውጪ በሰፋ ቁጥር ረድፉም ይረዝማል። ለአራት መተላለፊያዎች ቦታ ተቀንሶ እንኳ 170 ያህል ሰው ይቀመጣል። ከሁሉም ኋላ የተቀመጠው ሰው ከሜዳው መሐል ያለው ርቀት 6 ሜትር አይሞላም። በዚህ ርቀት ተዋናዩ ሳይጮህ ይሰማል፤ የፊቱ ላብ እንኳ ይታያል። ያንኑ ሰው 10 ሜትር በሚረዝም ረድፍ በአንድ ወገን ብንደረድረው ግን ዘጠኝ ረድፍ ይሆናል። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ያለው ሰው አንገቱን ያሰግጋል።

ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ ወገን ብቻ በሚታይ መድረክ ላይ ከተዋናዩ ጀርባ መጋረጃና ሥዕል ያለበት ግድግዳ ይቆማል። በክቡ ውስጥ ግን ጀርባ የሚባል ነገር የለም። ግድግዳ ቢቆም የአንዱን ወገን ዐይን ይጋርዳል። ስለዚህ አንድ በርጩማና አንድ እንስራ ይበቃል። ለሚዘዋወር ቡድን ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ጭነቱ ይቀንስለታል። ችግሩ ተዋናዩ ሁልጊዜ ለአንዱ ጀርባውን መስጠቱ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ተገትሮ አይቀርም፤ ይዞራል።

በእንግሊዝ አገር እስቲፈን ጆሴፍ የተባለ የቴያትር ሰው፣ በ1955 (እ.ኤ.አ.) ስካርቦሮ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተመልካቹን በዙሪያው አስቀምጦ ማሳየት ጀመረ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፔይንስ ፕላው የተባለ ቡድን 168 ሰው የሚያስቀምጥ፣ ተፈታትቶ በመኪና የሚጫን ክብ ቴያትር ቤት አሠራ። (ፕላው ማለት ማረሻ ነው። ቡድኑ ግን ይህን ስም ያገኘው ከእርሻ ሳይሆን ከመጠጥ ቤት ስም ነው።) መብራቱ ከጣሪያው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። መብራት ከጎን ቢበራ ማዶ የተቀመጠውን ሰው ዐይን ይወጋልና፣ ከላይ ወደ ታች መውረድ አለበት።

ይህን የመሰለ ቤት የሚነድፍ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሸክም ነው። እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ሰው ማንሣት መቻል አለበት። ወለሉና መቀመጫው እንደ ድፎ ዳቦ ከመሐል ወደ ዳር እየሰፋ ይቆረጣል። ቁራሾቹ ሁሉ እኩል ይሁኑ። እኩል ከሆኑ የትኛውም ቁራሽ የትም ይገባል፤ በጨለማ የሚገጥም ሰው አይቸገርም። የኋላው ረድፍ ከፊተኛው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ገንዘብ ካነሰ ደግሞ የፊተኛው ሰው ምንጣፍ ላይ፣ ቀጥሎ ያለው ዝቅ ባለ አግዳሚ ላይ፣ የኋለኛው ከፍ ባለ አግዳሚ ላይ ቢቀመጥ ያው ነው።

ጣሪያውን ጎጆ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወራጆቹ አናታቸው ላይ ተገናኝተው ሲቆሙ እግራቸው ወደ ውጪ ይገፋል። ጎጆው የማይበተነው ማገሩ ዙሪያውን እንደ ቀለበት አጥብቆ ስለያዘው ነው። በዚህም ቤት የማገሩን ሥራ የሚሠራው ዙሪያውን የሚዞር የብረት ቀለበት ወይም የሽቦ ገመድ ነው። ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ቢላላ ክቡ በሙሉ ይላላል። ስለዚህ ብሎኖቹ ሲጫኑም ሲገጠሙም ይቆጠራሉ።

ጎጆና ይህ ቤት የሚለያዩት በክብደት ነው። ጎጆ ከባድ ነው፤ ነፋስ አያነሣውም። ሸራ ግን ቀላል ነው፤ ነፋስ ከሥሩ ከገባ እንደ ጃንጥላ ይነጥቀዋል። ካስማው አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጪ ዘንበል ብሎ ይመታል። መረሬ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ካስማ አይዝም። እዚያ ረጅም ካስማ ወይም ድንጋይ የሞላ ጆንያ ያስፈልጋል። ነፋሱ ከበረታ ጨዋታው ይቆማል፤ ሰዉም ይወጣል።

ከነፋስ የከፋው እሳት ነው። ጁላይ 6 ቀን 1944 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አገር፣ ሃርትፎርድ በተባለች ከተማ፣ በአንድ የሰርከስ ድንኳን ውስጥ 7,000 ያህል ሰው ተሰብስቦ ሳለ እሳት ተነሣ። ሸራው ዝናብ እንዳያስገባ ተብሎ በቤንዚን የቀጠነ ሰም ተቀብቶ ነበር። ዐሥር ደቂቃ ያህል ሳይቆይ ነድዶ በሰዉ ላይ ወደቀ። አንዳንዱን መውጫ ደግሞ አውሬዎቹ የሚገቡበት የብረት አጥር ዘግቶት ነበር። ቢያንስ 167 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ አራቱ መተላለፊያዎች ለተዋንያን መግቢያም ቢሆኑ፣ ሣጥንም ሆነ ትርፍ ወንበር አይቀመጥባቸውም። ሸራውም እሳት ቶሎ የማይበላው መሆን አለበት። ቁራጩን ቆርጦ፣ ሜዳ ወስዶ፣ በክብሪት መሞከር ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ ቤቱ የሚፈታው ከተገጠመበት ወደ ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሸራው፣ ቀጥሎ ወራጁና ቀለበቱ፣ ከዚያ መቀመጫው፣ በመጨረሻ ወለሉ። መኪናው ላይ ሲጫን ግን ወለሉ በር ላይ መሆን አለበት። በሚቀጥለው ቀበሌ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው።