ጠባቂው መልአክና የተሸነፈው ጠላት፦ ካቶሊካውያን ስለ ረቂቃን ፍጥረታት የሚያምኑት

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል የሚጓዝ መንገደኛ የታክሲ ረዳቶች ከማለዳ እስከ ምሽት የመላእክትን ስም እያነሡ ሲጣሩ ይሰማል፤ አንዱ ኡራኤል፥ ሌላው ቦሌ ሚካኤል፥ ከመገናኛ ወዲያ ያለውም ሲኤምሲ ሚካኤል እያለ ሰውን ይሰበስባል። እነዚህ ሠፈሮች ስማቸውን ያገኙት በውስጣቸው ከታነጹት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ሲሆን፥ በየካ ኮረብታ ላይ ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል እንደሚመሰክረው፥ ለመላእክት የሚሰጠው ክብር በዚህ ምድር ላይ ከከተማይቱ መቆርቆር እጅግ አስቀድሞ የነበረ ነው።

በእነዚሁ ሠፈሮች ውስጥ ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ ካቶሊካውያን ክርስቲያኖችም ይኖራሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው ስለ ተመዘገቡ፥ በጉርድ ሾላ በካፑቺን ፍራንቸስካውያን ገዳም አጠገብ በየቀኑ የሚያልፍ ሰው እንኳ ስለ እምነታቸው የሚያውቀው ከስሙ አያልፍም። ጎረቤት ጎረቤቱን በቡና ላይ ሲጠይቅ የሚሰማውም ብዙውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው፤ እናንተ መላእክት ያማልዳሉ ብላችሁ ታምናላችሁ ወይ? ርኩስ መንፈስ የያዘውን ሰውስ ምን ታደርጉታላችሁ? ጠበል አላችሁ? ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ስለ ሆነ ቅን መልስ ይገባዋል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር የምታስተምረውን ለመረዳት የሚሻ ሰው ከ1215 ቢጀምር መልካም ነው። በዚያ ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖቄንጢዮስ 3ኛ በሮማ፥ በላተራን፥ ጉባኤ በጠሩ ጊዜ፥ በደቡብ ፈረንሳይና በሰሜን ኢጣልያ የተስፋፉት ካታራውያን የተባሉት ወገኖች የማይታየውን ዓለም መልካሙ አምላክ፥ የሚታየውንና ግዙፉን ዓለም ግን ክፉ ኃይል ፈጠረው እያሉ ፍጥረትን ለሁለት ጌቶች ያካፍሉ ነበር። ጉባኤውም መንፈሳዊውንና ሥጋዊውን ፍጥረት ሁሉ ከምንም ያስገኘ አንድ አምላክ ብቻ መሆኑን፥ ዲያብሎስና ሠራዊቱም በተፈጥሮ መልካም ሆነው ሳለ በገዛ ፈቃዳቸው ክፉዎች መሆናቸውን ወሰነ፤ የፈጣሪን አንድነት የሚመለከተውን ቃል የ1870 የቫቲካን ጉባኤ አጸናው፥ በ1992 የወጣው ትምህርተ ክርስቶስም ሁለቱንም አብራርቶ አስተማረ። ይህ ውሳኔ ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚጠቅም መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን ካቶሊካውያን ስለ መንፈሳዊ ጥበቃ የሚሉት ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ምንጭ የተቀዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ዲያብሎስ ፍጡር ከሆነ ኃይሉ የተወሰነ ነው፤ ሁሉን አያውቅም፥ በሁሉ ስፍራ አይገኝም፥ የሰውንም ነጻ ፈቃድ በግድ ሊነጥቅ አይችልም። እንግዲህ ክርስቲያን ይክደውና ይጠላው ዘንድ እንጂ የእግዚአብሔር ተፎካካሪ እንደ ሆነ አድርጎ ይፈራው ዘንድ አልታዘዘም።

ስለ መላእክት ባሕርይ በምዕራቡ ዓለም በስፋት የጻፈው በ1274 ያረፈው ቅዱስ ቶማስ አኳይናስ ነው፤ መልአካዊው ሊቅ የሚል የክብር ስም የተሰጠውም፥ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲም በስሙ የተሰየመው እርሱ ነው። እርሱ እንደሚለው መላእክት ሥጋ የሌላቸው፥ ለባውያንና ነጻ ፈቃድ ያላቸው መናፍስት ናቸው፤ እንደ ሰው ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው ቀስ በቀስ የሚጓዙ ሳይሆኑ እውነትን በአንድ ጊዜ የሚያዩ በመሆናቸው፥ ምርጫቸውም አንድ ጊዜ ከተመረጠ አይመለስም። የወደቁት መላእክት ንስሐ የማይገቡት የእግዚአብሔር ምሕረት አጥሮ ሳይሆን የመረጡትን በሙሉ ዕውቀት ስለ መረጡ ነው። ኃጢአታቸውም ትዕቢት ነው። በዚህ ረገድ በሄኖክ መጽሐፍ የሚገኘው፥ የሰማይ ትጉሃን የተባሉት መላእክት የሰውን ሴቶች ልጆች ተመኝተው ወደቁ የሚለው ታሪክ ከካቶሊካውያን ትምህርት ጋር አይገጥምም፤ ሥጋ የሌለው የሥጋ ምኞት አይኖረውምና። በነገደ መላእክት ቈጠራም ልዩነት አለ፤ የአገራችን ሊቃውንት አሥር ከተማና መቶ ነገድ ሲሉ፥ ምዕራባውያን ከሱራፌልና ከኪሩቤል ጀምረው ዘጠኝ ነገድ ይቈጥራሉ። ይህ ግን ለማንም የመዳንና የመጥፋት ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ከቈጠራው ይልቅ ጠለቅ ያለው ልዩነት ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በቆመው በቅዱስ ኡራኤል ደጅ ይገለጣል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በየወሩ በ22 ቀን ይህን መልአክ ሲያከብሩ፥ ካቶሊካዊው ጎረቤታቸው በሕዝብ አምልኮ ሥርዓት በስም የሚጠራቸው ሚካኤልን፥ ገብርኤልንና ሩፋኤልን ብቻ ነው። ምክንያቱ ረጅም ታሪክ አለው። በ745 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዘካርያስ በሮማ ሲኖዶስ ሰብስበው አልዴበርት የተባለ በጋልያ ይዞር የነበረ ሰባኪ የደረሰውን ጸሎት አስመረመሩ፤ በጸሎቱ ውስጥ ኡራኤልን ጨምሮ የብዙ መላእክት ስም ተዘርዝሮ ነበርና፥ አባቶች ቅዱሳት መጻሕፍት ከማይመሰክሩላቸው ስሞች በስተኋላ አጋንንት እንዳይሸሸጉ ሠግተው ጸሎቱን አወገዙ። በ2001 የቫቲካን የአምልኮ ሥርዓት ጉባኤ ባወጣው መመሪያም ከሦስቱ በቀር ለመላእክት ስም ማውጣት እንዳይለመድ አሳስቧል። የኡራኤል ስም የሚገኘው በሄኖክና በዕዝራ ሱቱኤል ሲሆን፥ የሮማ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን መጻሕፍት ከቅዱሳት መጻሕፍት ቊጥር አታገባቸውም፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ታገባቸዋለች። ያውም የሄኖክ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ስለ ሆነ፥ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂውን ከአገራችን ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓ መጽሐፉን የሚያውቀው በቅንጭብጭብ ነበር። እንግዲህ ልዩነቱ የመጣው መላእክትን ከማክበርና ካለማክበር ሳይሆን ከመጻሕፍት ቊጥር ነው፤ በኡራኤል ደጅ የሚያልፍ ካቶሊካዊም እንዲህ ያለ መልአክ የለም ብሎ አይከራከርም፥ ሊከራከርም አይገባውም፤ እኔ በቀኖናዬ ያልተጻፈ ስም በቅዳሴ አልጠራም ቢል ግን ቃሉ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው መልአክ ሩፋኤል ሁለቱን ወገኖች መልሶ ያገናኛቸዋል። መጽሐፈ ጦቢትን ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ይቀበላሉና፥ መልአኩ ወጣቱን ጦብያ በመንገድ እንደ ሸኘው፥ አስማንድዮስ የተባለውን ጋኔን እንዳሰረ፥ የአባቱን የሽማግሌውን ጦቢትንም ዐይን እንዳበራ በሁለቱም ዘንድ ይነበባል። በጳጕሜን 3 ቀን የሚዘንበው ዝናብ የሩፋኤል ጠበል ነው እየተባለ የቦሌ ሕፃናት በየደጁ ሲጠመቁ፥ የካቶሊካዊው ልጅ ከጓደኞቹ መካከል አይለይም። ካቶሊካውያን ስለ ጠባቂ መልአክ የሚያምኑትንም ከዚህ ታሪክ በተሻለ የሚያስረዳ የለም። እያንዳንዱ ሰው ከሕይወቱ መጀመሪያ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚጠብቀውና የሚያማልድለት መልአክ እንዳለው ቤተ ክርስቲያኒቱ ታስተምራለች፤ በዓላቸውንም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 10ኛ በ1670 በላቲን ሥርዓት በየስፍራው እንዲከበር አዘው፥ እስከ ዛሬ ጥቅምት 2 ቀን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ይከበራል። ሕፃናት በሌሊት ሲተኙ የሚማሩት የመጀመሪያው ጸሎትም በብዙ የካቶሊካውያን ቤት ወደዚሁ መልአክ የሚቀርበው ነው።

ይሁን እንጂ ጥበቃ ማለት ከመከራ ማምለጥ ብቻ እንዳይመስለን የአገራችን ታሪክ ራሱ ያስተምረናል። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው የቅዱስ ጴጥሮስን ሰንሰለት መልአክ ፈታው። የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ግን፥ በስሙ ሊቀ መላእክቱን የያዘው ያ መነኵሴ፥ የመርጡለ ማርያምን ትምህርት ፈጽሞ እውነትን ፍለጋ ብዙ አገር ከዞረ በኋላ በ1844 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ፥ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በ1855 በእግር ብረት እንዳለ ሞተ፤ ሰንሰለቱን የፈታለት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን በ1926 ብፁዕ ብላ ስትጠራው ጠባቂው ተወው አላለችም፤ እምነቱን ሳይክድ እስከ መጨረሻው መጽናቱን ጥበቃ ብላ ተቀበለችው። ይህን ነገር የሚረሳ ሰባኪ ሰውን ያሳስታል፤ መልአክ ካለህ አትታመምም፥ ንግድህም አይከስርም እያለ የሚያስተምር ሰው የክርስቶስን መስቀል ከመንገዱ አውጥቶታልና።

ለቅዱስ ሚካኤል የሚደረገውን ልዩ ክብር በተመለከተ የጉርድ ሾላ መነኰሳት አባት የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ታሪክ ይጠቀሳል፤ በ1224 ከፍልሰታ በዓል እስከ ሚካኤል በዓል ለመልአኩ ክብር ሲጾም በላቬርና ተራራ ላይ የክርስቶስን ቍስሎች በሥጋው ተቀበለ። ከእርሱ እጅግ በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በሰይጣን ሽንገላ ላይ የመልአኩን ርዳታ የሚለምነውን አጭር ጸሎት በ1886 ከቅዳሴ በኋላ እንዲደገም አዘዙ፤ በ1964 በወጣው የሥርዓት ማሻሻያ ትእዛዙ ቢቀርም፥ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1994፥ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2018 ምእመናን እንዳይረሱት ለምነዋል።

አሁን ወደ አጋንንት እንመለስ። በካቶሊካውያን ትምህርት የሰይጣን የዘወትር ሥራው ፈተና ነው፤ ሐሰትን፥ ምቀኝነትን፥ ተስፋ መቍረጥን በልብ ውስጥ ይዘራል፤ መድኃኒቱም የዘወትር ነው፥ ጥምቀት፥ ንስሐ፥ ቅዱስ ቍርባን፥ ጾምና ጸሎት። በግእዝ ሥርዓት የሚጠመቅ ሰው፥ ሕፃን ከሆነም ስለ እርሱ ክርስትና አባቱ፥ ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ሰይጣንን ይክዳል፥ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞሮ በክርስቶስ ማመኑን ይናገራል፤ በካቶሊካውያን አስተያየት ከዚህ የሚበልጥ ሰይጣንን የሚያሳድድ ጸሎት የለም። በሰውነት ላይ የሚያድር ርኩስ መንፈስም እንዳለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ታምናለች፤ ግን ነገሩን የምትይዘው በብዙ ጥንቃቄ ነው። በ1614 የወጣው የሮማ መጽሐፈ ሥርዓት ካህኑ ሰውየው ጋኔን አለበት ብሎ ፈጥኖ እንዳያምን ያስጠነቅቃል፤ በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በ1172ኛው አንቀጹ፥ ከጳጳሱ ግልጥ ፈቃድ ያልተሰጠው ካህን ይህን ጸሎት እንዳያደርስ፥ ፈቃዱም ለመንፈሳዊ፥ ለሊቅ፥ ለአስተዋይና በንጹሕ ሕይወቱ ለተመሰከረለት ብቻ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በ1999 የታተመው አዲሱ ሥርዓትም የሕክምና ዐዋቂዎች ምክር እንዲጠየቅ፥ ጸሎቱም የሕዝብ ትርኢት እንዳይሆንና በመገናኛ ብዙኃን እንዳይተላለፍ አዟል። ይህ ጥብቅነት በአፍሪቃም ተፈትኗል፤ የሉሳካው ሊቀ ጳጳስ ኢማኑኤል ሚሊንጎ በፈውስና አጋንንት በማውጣት አገልግሎታቸው ሕዝብ ቢከተላቸውም ሥራቸው ተመርምሮ በ1983 መንበራቸውን ለቅቀዋል።

በየአዳራሹ ሕሙም ሰው በካሜራ ፊት ሲንፈራገጥ የሚታይበትን ዘመን ለምናይ ለእኛ ይህ ሥርዓት እጅግ የሚያስመሰግን ይመስለኛል። የአእምሮ ሕመምተኛ ጋኔን አለብህ ተብሎ በአደባባይ ሲዋረድ፥ ወገኖቹም ከሐኪም ሲያርቁት ማየት ልብን የሚያሳምም ነገር ነው። ካቶሊካዊው ካህን ግን ለብቻ፥ በጸጥታ፥ ሐኪሙንም አማክሮ እንዲጸልይ ታዟል፤ የሕሙሙም ስም ይሰወራል።

ዛር፥ ቡዳ፥ ጠንቋይና ሞራ ገላጭ በዚህች ከተማ ፎቆች ውስጥም አልጠፉም። በባለቤቱ ቁመት ልክ በብራና ተጽፎ የሚታሰረው ክታብ፥ ቅዱስ ሱስንዮስ ጋኔኒቱን ውርዝልያን የገደለበትን ጸሎት ይዞ፥ ዛሬም በአንገት ይንጠለጠላል። የኦርቶዶክስ ሊቃውንትም ከጥንት ጀምረው አስማትን ተቃውመዋል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን በሰውነቱ ላይ ጽፎ እንዲታይ እስከ ማዘዝ ደርሰው ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው፥ ካቶሊካውያንስ ሜዳልያ በአንገታቸው ያስሩ የለምን፥ ቤታቸውንስ በተባረከ ውኃ ይረጩ የለምን፥ ይህስ ከክታብ በምን ይለያል ቢል፥ ጥያቄው ብርቱ ነው። በ1830 በፓሪስ ከቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር ደናግል መካከል አንዲቱ፥ ቅድስት ካትሪን ላቡሬ፥ ባየችው ራእይ የተሠራውን የእመቤታችንን ሜዳልያ ብንወስድ፥ ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደምታስተምረው ብረቱ በራሱ ኃይል የለውም፤ የካህኑ ቡራኬ የመላይቱን ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ከያዡ ጋር ያስተባብራል፥ ያዡም በእምነት ጸጋን ለመቀበል ይዘጋጃል። ሜዳልያውን አስሮ ጎረቤቱን የሚበድል ሰው ምንም ጥበቃ የለውም። ክታብ ግን ስሙ ከተጻፈ፥ ዋጋው ከተከፈለ፥ የባለቤቱ ሕይወት ምንም ቢሆን ይሠራል ተብሎ ይታመናል። ካቶሊካዊም ቢሆን ሜዳልያውን እንደ ክታብ የሚይዝ ከሆነ፥ እንዲህ ያሉም ብዙዎች መኖራቸው አይካድም፥ ያደረገው ከአስማት ተራ ይቈጠራል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ የማትረዳው ሕመም ወይም ፍርሃት በቤትህ የገባ እንደ ሆነ፥ አስቀድመህ ሕሙምህን ወደ ሐኪም አድርሰው፤ ቀጥሎም በደብርህ ወዳለው፥ በአባቶች ሥልጣን ወደሚያገለግለው ካህን ሂድና ጸሎት ለምንለት። ለጸሎቱ ዋጋ የሚጠይቅህን፥ ሕሙሙን ለሕዝብ ለማሳየት የሚቸኩለውን፥ የሐኪሙን መድኃኒት አቋርጥ የሚልህን ሰው ግን፥ የማንን ስም ቢጠራ፥ በደጅህ አታስገባው።