ያውቁ ኖሯል? ደረሰኝ የሌለው የተራራ ውኃ
የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ደባርቅ ላይ የጎብኚው መግቢያ በደረሰኝ ይከፈላል፤ አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩና ባለበቅሎውም የቀን ክፍያቸውን ይቀበላሉ። ከእነዚሁ ተራሮች ወርዶ ተከዜን የሚሞላው ውኃ ግን ደረሰኝ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው 300 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ የሚሠራው በዚሁ ወንዝ ነው። ስለዚህ ልቅ ግጦሽ ውኃውን የሚይዘውን የጓሳ ሣር ሲያራቁት የሚከስረው ዋልያ ብቻ አይደለም።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ቆይቷል። ከዚያ እንዲወጣ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች አገራቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ትልቁን ወጪ የከፈሉት እነሱ ናቸውና የፓርኩ ገቢ ሲደለደል ቀድመው ሊታሰቡ ይገባል።