ቤት ልግዛ ወይስ ልቆይ?

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቡና ሲፈላ በብዙ ቤት የሚነሳ ክርክር አለ። አባወራው፣ «ደላላው ሱሉልታ 200 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ ቤት አግኝቶልናል። እስከ ሐሙስ ቀብድ ካልከፈልን ሌላ ሰው ይወስደዋል። አከራይተን ለልጆቹ ጥሪት ይሆናል» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ፣ «የዕቁቡ ገንዘብ ያለን እሱ ብቻ ነው። ወረቀቱን አይተኸዋል?» ብላ ትጠይቃለች። እሱ አጥሩን አይቷል፤ በሩንና ቆርቆሮውንም አይቷል። ወረቀቱን ግን አላየም።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእሷን ጥያቄ ማስቀደም ነው።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ የአዲስ አበባ ኑሮ የከበደው ቤተሰብ ለዓመታት ዓይኑን የጣለባቸው ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተጠቃለው በኦሮሚያ ክልል የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። ስለዚህ የይዞታ ጉዳይ የሚጣራው በአዲስ አበባ ሳይሆን በሸገር ከተማ አስተዳደር ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 40፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ሰው የሚሸጠው በመሬቱ ላይ የሠራውን ቤትና በሕግ ያገኘውን የመጠቀም መብት ነው። ታዲያ የእርሻ መሬት በካሬ ተሸንሽኖ፣ ሦስት ምስክር ፈርሞበት ሲሸጥ ገዢው ምን ያዘ? ሻጩ ራሱ የሌለውን መብት ሊያስተላልፍለት አይችልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው የራሱ ያላደረገውን ነገር እንዳይሸጥ መከልከላቸውም ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት መከላከያ ነው።

ውጤቱን በዓይናችን አይተናል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ፈርሰው ቤተሰቦች ሜዳ ላይ ቀርተዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሸገር ከተማ ቤቶች ሲፈርሱ መስጊዶችም አብረው ፈርሰዋል። ቤታቸው ከፈረሰባቸው መካከል ግብር ስንከፍል፣ መብራት አስገብተን ስንኖር ነበር ያሉ ብዙዎች ናቸው። ከዚህ የምንማረው የመብራት ቆጣሪና የግብር ደረሰኝ የካርታን ቦታ እንደማይተኩ ነው። የጨረቃ ቤት የሚረክሰው ሻጩ ስለሚያዝን ሳይሆን ስጋቱን ለገዢው ስለሚያስተላልፍ ነው።

መቼ ይገዛ?

የመግዣው ጊዜ የሚታወቀው በደላላ ቀጠሮ አይደለም። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑና በከተማው መዝገብ መገኘቱ ሲረጋገጥ፣ ቤቱ በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት እግድ አለመያዙ ሲታወቅ፣ የመንገድ ፕላን እንደማይነካው ሲጣራ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛው ሲስማማ ነው። የሊዝ ይዞታ ከሆነ ቀሪ ክፍያው ስንት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ቁጥር 282 ዕዳን እንድንጽፍና ምስክር እንድናቆም ማዘዙን የሚያውቅ ሙስሊም ይህን እንደ ተራ ቢሮክራሲ ሊያየው አይገባም። «እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚለው አነጋገር ስንቱን ወንድማማች ፍርድ ቤት አቁሟል!

መቼ ይሸጥ?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ቤቱን ሸጦ ብሩን ዝም ብሎ ማስቀመጥ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ሊሸጥ የሚገባው ገንዘቡ የሚውልበት ነገር አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ጅምር ቤት የያዘ ደግሞ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ግንባታው በግማሽ ሳይደርስ መብትን በማስተላለፍ ላይ ገደብ መጣሉን ልብ ይበል። የቤቱን ጉድለት ለገዢ መንገርም የሻጭ ግዴታ ነው።

ዘካንም አንርሳ። ለመኖሪያ በያዝነው ቤት ላይ ዘካ የለም። ለኪራይ ከሆነ፣ ከኪራዩ ተጠራቅሞ ኒሷብ በሞላውና ዓመት ባለፈው ገንዘብ ላይ ነው። ለትርፍ ሊሸጥ ከተገዛ ግን እንደ አብዛኞቹ ዑለማዎች አስተያየት በየዓመቱ ከገበያ ዋጋው 2.5 በመቶ ይወጣል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ወለድ ሐራም ነው። ቀድሞ በዚህ ምክንያት ከባንክ የራቀ ሙስሊም ዛሬ ሌላ በር አለው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለከወለድ ነጻ አገልግሎት መንገድ ከፈተ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነው ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሂጅራ ባንክም ተከተለው። በሙራበሓ ውል ባንኩ ንብረቱን አስቀድሞ ለራሱ ይገዛል፤ ከዚያም የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በክፍያ ይሸጥልናል። ባንኩ ገንዘብ ብቻ ሰጥቶ ብልጫ የሚቀበል ከሆነ ግን ስሙ ቢለወጥም ብድር ነው።

ለምሳሌ ባንኩ በ1,800,000 ብር የገዛውን ቤት 600,000 ብር አትርፎ በ60 ወር ክፍያ ቢሸጥልን በወር 40,000 ብር ይደርሳል። ቤቱ በ12,000 ብር ቢከራይ 28,000 ብር ከኪሳችን መውጣት አለበት። እንግዲህ ማስላት ያለብን በደህናው ወር ሳይሆን ገበያ በቀዘቀዘበት፣ ቤቱም ተከራይ ባጣበት ወር ነው። ያን ጊዜ መክፈል የማንችል ከሆነ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው።

ወደዚያ ባልና ሚስት እንመለስ። ይመካከሩ፣ ኢስቲኻራ ይስገዱ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ የካርታውን ቅጂ ይዘው ከተማ አስተዳደር ይሂዱ። ሻጩ ቅጂውን ለመስጠት እምቢ ካለ መልሱን አግኝተዋል። ሐሙስ ቢያልፍ ይለፍ፤ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። የልጆች ጥሪት ግን ባልታየ ወረቀት ላይ አይጣልም።