ኔትወርክ ሲጠፋም የማይጠፋ ዕቅድ

ስልካችሁ ላይ ስንት የዕቅድ አፕ ጭናችሁ ስንቱን አጠፋችሁ? የብዙ ወጣት ታሪክ ተመሳሳይ ነው። እሑድ ማታ አንድ ቪዲዮ ያያል፣ አፕ ያወርዳል፣ ሳምንቱን በቀለም ከፋፍሎ በየሰዓቱ ይሞላል። ሰኞ እንደምንም ይሄዳል። ማክሰኞ መብራት ይጠፋል፤ ረቡዕ ከገጠር እንግዳ ይመጣል፤ ሐሙስ ላይ አፑን መክፈት ራሱ ያስጠላል። መጨረሻው «በቃ እኔ ሰነፍ ነኝ» ነው።

ግን ስንፍና ላይሆን ይችላል። አብዛኞቹ እነዚህ አፖች የተሠሩት መብራትና ኢንተርኔት ሳይቆራረጥ ለሚውልበት፣ ሰው ቀኑን ብቻውን ለሚያዝበት ኑሮ ነው። ዳንግላን የሚያውቅ ቀኑ እንደዚያ እንዳልሆነ ያውቃል። ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ፣ ጠዋት ተማሪ የሆነው ልጅ ከሰዓት ሱቅ ይጠብቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ ቤተሰብ ለአጨዳና ለውቂያ ይፈልገዋል። ለቅሶ ከመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ማስታወሻውን፣ የትምህርት ፋይሉን፣ ቀጠሮውን ሁሉ ኦንላይን ብቻ ያስቀመጠ ሰው ያኔ ከነዕቅዱ ቆሟል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ያመለጠ የምዝገባ ቀን አንድ ዓመት ይበላል። የ12ኛ ክፍል ፈተናን እንኳ ብናይ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጊዜን በአግባቡ መያዝ ብቻውን አይፈታውም። በእጃችን ካሉት ጥቂት ነገሮች አንዱ ግን እሱ ነው። ስለዚህ ከአፕ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ እንግዳ ቢመጣ የሚቆም ዕቅድ የትኛው ነው? መልሱን ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልግም። አካባቢው ራሱ ያስተምራል።

ቀን ቁረጡ

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል። ዓመታዊ በዓሉ ጥር 23 ነው። ይህን ቀን ለማስታወስ ማንም አላርም አይሞላም። ቀኑ የተቆረጠ ስለሆነ ዝግጅቱ ራሱ ወደ ኋላ ይቆጠራል፦ ፈረሱ የሚቀለበው መቼ፣ ዕቃው የሚጠገነው መቼ፣ ጉዞው መቼ። ጥር 22 ማታ ፈረስ መፈለግ የጀመረ ሰው በዓሉን ቆሞ ያያል።

የእኛ ዕቅድ ግን ብዙ ጊዜ «ሰሞኑን እጀምራለሁ» የሚል ነው። «ሰሞኑን» የሚባል ቀን ደግሞ ካላንደር ላይ የለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ አንድን ነገር መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚያደርግ አስቀድሞ የወሰነ ሰው፣ «አደርገዋለሁ» ብሎ ብቻ ካሰበው ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚህ «ሒሳብ አጠናለሁ» አትበሉ። «ማክሰኞና ሐሙስ፣ እራት እንደተበላ፣ በጓዳው ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ምዕራፍ» በሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ «2 ሰዓት ተኩል ላይ» ከማለት «እራት እንደተበላ» ማለት ይሻላል። እራት ቢዘገይም ዕቅዱ አይፈርስም፤ አብሮ ይዘገያል እንጂ።

ወር እየጠበቁ ለሚመጡ ሥራዎችም ቀድሞ የተቆረጠ ቀን አለን። በየቤቱ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም እንደሆነ ሳይጻፍ ይታወቃል፤ ለሙስሊሙ ቤተሰብ ደግሞ ጁምዓ የሳምንቱ ምሰሶ ነው። የቤት ኪራዩን፣ የሱቁን ቆጠራ፣ የስልክ ፋይል መገልበጡን ከማይረሳ ቀን ጋር እሰሩት። የዓመቱን ግምገማ ለጳጉሜን ተዉት። አምስት ወይም ስድስት ቀን በነጻ የሰጠን ካላንደር እያለ ግምገማ ለመጀመር ጃንዋሪን መጠበቅ ለምን?

ሰው ይጠብቃችሁ

ብቻውን 100 ብር ማስቀመጥ ያቃተው ሰው እቁብ ሲገባ በየሳምንቱ ሳያጓድል ይከፍላል። ገቢው አልተቀየረም። የተቀየረው የሚጠብቀው ሰው መኖሩ ነው። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ቅጣት አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ይሉኝታ ብዙ ጊዜ ይወቀሳል፤ እዚህ ላይ ግን ከማንኛውም አፕ የበለጠ ይሠራል።

ይህንኑ ለጥናትና ለሥራ ተጠቀሙበት። አራት ጓደኛ ሁኑና «የጥናት እቁብ» ግቡ። ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። እያንዳንዱ በሳምንቱ የጨረሰውን ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ ባዶ እጁን የመጣ የሁሉንም ሻይ ይከፍላል። ፌስቡክ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ ተቀይሬያለሁ» ብሎ መለጠፍ ግን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። ላይክ ያደረገላችሁ ሰው ቅዳሜ መጥቶ «የታለ?» አይላችሁም።

ወንፈልም እንደዚያው ነው። ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን። በከተማ ሲሆን ዛሬ የአንዷን የሥራ ማመልከቻ ሁሉም ተቀምጦ ያስተካክላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሌላውን የሱቅ ሒሳብ። ለብቻ ሲሆን ሦስት ሳምንት የሚንከባለል ሥራ በሁለት ሰዓት ያልቃል።

አቦሉን ለከባዱ

ቡና ሦስት ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦሉ ወፍራም ነው፤ በረካው ይቀጥናል። የሰው ጉልበትና ሐሳብም በቀን ውስጥ እንደዚሁ እየቀጠነ ይሄዳል። ግን ብዙ ሰው አቦሉን ለቲክቶክ ይሰጥና በረካውን ለፊዚክስ ያስቀራል።

ስለዚህ ለቀኑ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፤ አሥራ ሦስት አይደለም። አንድ ከባድ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ቀላል። ከባዱን አእምሯችሁ ትኩስ በሆነበት ሰዓት ሥሩት። ለአንዳንዱ ይህ ሰዓት ንጋት ነው፤ ቤቱ ሰው ለሚበዛበት ደግሞ ሁሉም ከተኛ በኋላ ይሆናል። ቁጭ ማለቱ ከከበደ የጣሊያኑን ፍራንቼስኮ ቺሪሎ ዘዴ ሞክሩ። ተማሪ ሳለ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ቲማቲም በሚመስል የወጥ ቤት ሰዓት ነው የጀመረው፦ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። የስልካችሁ ሰዓት ቆጣሪ ይበቃል፤ ዳታ አይፈልግም።

ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ካላንደር

ይህ የውጭዎቹ ቪዲዮዎች የማይነግሩን ነው። እኛ በሁለት ሰዓትና በሁለት ካላንደር ነው የምንኖረው። «ሰኞ 3 ሰዓት ና» የተባለ ሰው ስልኩ ላይ 3:00 ብሎ ቢሞላ አላርሙ ወይ ሌሊት ይጮኻል ወይ ከሰዓት፤ ቀጠሮው ግን የጠዋት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ስልኩ ከ6 በላይ ካለ ስድስት ቀንሱ፤ 9:00 ኤኤም ማለት ጠዋት 3 ሰዓት ነው። 6 ወይም ከዚያ በታች ካለ ስድስት ጨምሩ፤ 2:00 ፒኤም ማለት ከሰዓት 8 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ስትመዘግቡ አላርሙ ስም ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ ኢንጅባራ፣ ቃለ መጠይቅ» ብላችሁ በእኛ አቆጣጠር ጻፉበት። ኢንጅባራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌላ አላርም ደግሞ ለመነሻው ሙሉ። ቀጠሮው 3 ሰዓት ነው ማለት ከቤት መውጫው 3 ሰዓት ነው ማለት አይደለም።

የውጭ ስኮላርሺፕ የምትሞሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። የማመልከቻው ማብቂያ «11:59 ፒኤም፣ ዩቲሲ» ከሆነ በእኛ ሌሊት 8:59 ነው፤ ቀኑም ዞሯል። «11:59 ፒኤም፣ የኢትዮጵያ ሰዓት» ከሆነ ግን ምሽት 5:59 ላይ ያልቃል። በሁለቱ መካከል ሦስት ሰዓት አለ። ቀኑንም ስትቀይሩ መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 መሆኑን፣ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ ግን 12 እንደሚሆን አትርሱ። ከሁሉም የሚሻለው ማብቂያውን በሦስት ቀን አስቀድሞ መያዝ ነው። ሦስቱ ቀን የመብራትና የኔትወርክ ድርሻ ነው።

ስልኩን ያለ ኔትወርክ አሠሩት

ስልክ አይጣል። አላርም፣ ካልኩሌተር፣ ማስታወሻ፣ ካሜራ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን፣ የትምህርት ማስረጃችሁን፣ መታወቂያችሁን ፎቶ አንስታችሁ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ ሌላ ቅጂ በፍላሽ ወይም በሜሞሪ ካርድ ይኑር። ቴሌግራም ላይ የምታገኙትን መጽሐፍ «በኋላ አወርደዋለሁ» አትበሉ፤ ኔትወርክ ባለ ሰዓት አውርዱት። ገንዘብ ለመላክ ቴሌብር በ*127# ያለ ዳታም ይሠራል። የማይጠቅሙ ግሩፖችን ድምፅ ዝጉ፤ የሚጠቅሙትን በቀን ሁለቴ እዩ።

ከዚህ ሌላ አንድ ትንሽ ደብተር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። የሦስቱን የቀን ሥራዎች እዚያ ጻፉ። ደብተር ቻርጅ አይጨርስም፣ ስትከፍቱትም ኖቲፊኬሽን አይመጣም።

ትልቁን ሥራ ቆራርሱት

ዳንግላ ለዚህ የቆየ ምሳሌ አላት። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የአገሩ ቆንስል ነበር። ጣና ሐይቅንና ዓባይን አጥንቶ ካርታ የሠራው ከዚህች ከተማ እየተነሣ ነው። በአንድ ጉዞ አልጨረሰውም። በተለያዩ ዓመታት ክፍል በክፍል ሄደበት፣ መዘገበ፣ ተመለሰ፤ በ1936 መጽሐፉን አሳተመ። ክረምት መንገድ ሲዘጋ ሥራው ተቋረጠ እንጂ አልፈረሰም፤ የት እንደደረሰ ተጽፏላ።

ዋናው ነገር ይኼ ነው። በእኛ ኑሮ ሥራ መቋረጡ አይቀርም። አጨዳ ይመጣል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ መብራት ይሄዳል። ጥሩ ዕቅድ ማለት የማይቋረጥ ዕቅድ ሳይሆን ከቆመበት የሚነሣ ዕቅድ ነው። ስለዚህ ከሥራ በተነሣችሁ ቁጥር አንድ መስመር ጻፉ፦ «ምዕራፍ 4፣ ጥያቄ 7 ላይ ነኝ፤ ቀጥሎ 8።» አንድ ሳምንት ብትጠፉም ስትመለሱ «ከየት ልጀምር?» ብላችሁ ግማሽ ቀን አታባክኑም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል፣ እንቁላሉ መሀል ላይ ሁሌ እንደ አዲስ አይጀምርም።

ሁሉንም ዛሬ ካልጀመራችሁ አትጨነቁ። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ፦ አንድ ቀን ቁረጡ፣ የሚጠብቃችሁ አንድ ሰው ጥሩ። ለዚህ ዳታ አያስፈልግም፤ ስልክ መደወል ይበቃል።