የሚጋልበውን ፈረስ ስለ መጠበቅ



በአንድ የገና ዕለት ጃን ሜዳ ወጥቼ የጉግስ ጨዋታ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሞክሬ ነበር። የያዝሁት ሌንሱ በእጅ እየተጠመዘዘ ርቀቱ የሚስተካከል አሮጌ መሣሪያ ነው። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ከበስተኋላ የነበረው ዛፍ ከነቅጠሉ ጥርት ብሎ ታየ፤ ፈረሰኛው ግን እንደ ጢስ ደብዝዞ ነበር። ጥፋቱ የሌንሱ ሳይሆን የእኔ ነው፤ የሚጋልበውን ፈረስ በጣቴ ላሳድደው ሞክሬአለሁና። ያ ቅጽበትም ተመልሶ አልመጣም።

በሰከንድ 12 ሜትር ያህል ለሚጋልብ ፈረስ ጣት አይደርስበትም። ስለዚህ ብልሃቱ መከተል ሳይሆን መጠበቅ ነው። ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1870 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1878) በካሊፎርኒያ 12 የፎቶግራፍ መሣሪያዎች በመሮጫው ዳር በረድፍ ተክሎ፣ ፈረሱ ክሮቹን እየነካ ሲያልፍ እንዲያነሡ አደረገ። በዚህም አራቱ እግሮች በአንድነት ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩ ተረጋገጠ። መሣሪያዎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ፈረሱ ወደ እነርሱ መጣ እንጂ።

እርስዎም ይህን ለመለማመድ ጃን ሜዳን መጠበቅ አያስፈልግዎትም፤ ሾላ ገበያ ይበቃል። ጋሪ በሚያልፍበት መንገድ ላይ 5 ሜትር ያህል የሚርቅ አንድ ድንጋይ ይምረጡ። ሌንሱን በድንጋዩ ርቀት ያስተካክሉና ከዚያ በኋላ አይንኩት። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ቀዳዳው 8 ላይ ቢሆን ከ3 ሜትር ተኩል እስከ 9 ሜትር ያለው ሁሉ በቂ ጥራት ይኖረዋል። ጋሪው ከድንጋዩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይጫኑ፤ ከደረሰ በኋላ መጫን መዘግየት ነው። ነገር ግን ባለጋሪውን አስቀድሞ ፈቃዱን መጠየቅ፣ መንገዱንም አለመዝጋት የጨዋ ሰው ወግ ነው።

ስለ መዝጊያው ፍጥነትም ልብ ይበሉ። በሰከንድ 500ኛ ክፍል ውስጥ ያ ፈረስ 2 ሴንቲሜትር ከግማሽ ያህል ብቻ ይሄዳል፤ በ60ኛ ክፍል ግን 20 ሴንቲሜትር ይሄዳልና ይደበዝዛል። ብርሃን አንሶ በ60ኛው ለማንሣት ቢገደዱ ከወገብዎ እየዞሩ ፈረሱን በእኩል ፍጥነት ይከተሉት፤ ከተጫኑም በኋላ መዞርዎን አያቋርጡ። ያን ጊዜ ፈረሱ ይለያል፤ ከበስተኋላው ያለው ተስቦ ፍጥነቱን ይመሰክራል።

ጃን ሜዳ ሲደርሱ ከገመዱ በስተውጭ ቆመው ፈረሰኛው የሚዞርበትን ስፍራ ይምረጡ፤ በዚያ ፍጥነቱ ይቀንሳልና።

እንግዲህ በቢሮም ሆነ በሜዳ ደንቡ አንድ ነው፤ ጉዳይ ከመምጣቱ በፊት የተዘጋጀ ሰው ሲመጣ አይደናገጥም።